የጡንቻ ማፍታቻ መድኃኒት ሲያስቸግር

ዕቃ አንስቶ «ወገቤን ያዘኝ» የሚል ሰው ጡንቻው ለጊዜው ተኮማትሮበት ነው፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቀዋል። ከስትሮክ ወይም ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ እጅና እግርን የሚገትረው ግን ከነርቭ የሚመጣ ነው። ባክሎፈን የተባለው የጡንቻ ማፍታቻ የሚታዘዘው በዋናነት ለዚህኛው ነው።

ችግር፦ ሲሠራ የቆየው ባክሎፈን እምቢ አለ፤ እግሩ እንደገና ተገተረ።
መጠኑን ከማስጨመርዎ በፊት በሽተኛውን ከጥፍሩ ጀምረው ይፈትሹ። ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር፣ የጠበበ ጫማ፣ የመኝታ ቁስል፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ኢንፌክሽን፤ ሕመሙ ባይሰማው እንኳ ግትርነቱን ያባብሱታል። የሽንት ቱቦ ካለው እንዳልታጠፈ ይዩ። ጾምም አለ፦ በቀን ሦስቴ የታዘዘውን እስከ 9 ሰዓት ሳይውጥ ከዋለ፣ መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ ጠዋቱን ተገትሮ ያረፍዳል።

ችግር፦ ቅዠት፣ ትኩሳት፣ መንዘፍዘፍ፣ ከበፊቱ የባሰ መገተር።
ባክሎፈኑ በአንዴ ተቋርጧል። ከደባርቅ ወይም ከመተማ ጎንደር ድረስ መጥቶ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲያልቅበት፣ ወይም ጠበል ሲገባ ኪኒኑን ቤት ጥሎ ሲሄድ ይህ ይደርሳል። ለሕይወት ያሰጋል፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። የ10 ቀን ሲቀር ይግዙ፤ ጠበልና ኪኒን አይጣሉም። ማቆም ካስፈለገም በሐኪም፣ ቢያንስ በ1 ወይም 2 ሳምንት ቀስ በቀስ ነው።

ችግር፦ ያንቀላፋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል።
የባክሎፈን የተለመደው አጀማመር 5 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ሆኖ፣ በየ3 ቀኑ እያንዳንዱ ላይ 5 መጨመር ነው፤ ጣሪያው በቀን 80። ከዚህ ከፈጠነ፣ ኩላሊት ከደከመ፣ ወይም ጠላ፣ አረቄ ወይም ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ከታከለበት ይደነዝዛል። ደግሞ ያ ግትር እግር ምሰሶው ሊሆን ይችላል፤ አለቅጥ ሲላላ ዳገቱን ሲወጣ የነበረው ሰው ደጃፉ ላይ ይወድቃል። ያኔ ለሐኪሙ «ቀንሱልኝ» ማለት ነው።

ችግር፦ ቲዛኒዲን የተባለውን ሌላ የጡንቻ ማፍታቻ የሚወስደው ሰው ብድግ ሲል ያዞረዋል።
ደም ግፊቱን ስለሚያወርድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳ። ለሽንት ኢንፌክሽን ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ) ከተጨመረበት ግን ቲዛኒዲኑ በደሙ ውስጥ ብዙ እጥፍ ይንራል። ሁለቱ አብረው አይወሰዱም፤ ፋርማሲ ሲሄዱ የቲዛኒዲኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

ከቁስል በኋላ መንጋጋ ከተቆለፈ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ቴታነስ ሊሆን ስለሚችል ሳያድር ሆስፒታል ነው።