መብራት ሲመጣ ሁሉንም ኮምፒውተር ባንዴ አታብሩ

ቢሮ ውስጥ የጋራ ሰርቨር (የሁላችሁንም ፋይል የሚይዝ ኮምፒውተር) ያላችሁ ሰዎች፣ ይቺን ያዙልኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ተሯሩጦ የራሱን ኮምፒውተር ያበራል፤ ከዚያ «ሼርድ ፎልደሩ አልከፈት አለ» ይጀመራል። ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተዛባው።

መጀመሪያ ራውተሩና ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ይብሩ፣ ተነስተው እስኪረጋጉ ጠብቁ። ቀጥሎ ሰርቨሩ። ሰርቨር እንደ ላፕቶፕ ቶሎ አይነሳም፤ ሜሞሪውንና ዲስኮቹን ሲፈትሽ ብቻ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ ስክሪኑ ጠቆረ ብላችሁ ማጥፊያውን እንዳትጫኑት፣ እባካችሁ፣ ፋይል የሚበላሸው እንዲህ ሲደረግ ነው። የመግቢያው ገጽ ሲመጣ ከአንድ ኮምፒውተር ላይ ፎልደሩን ከፍታችሁ ሞክሩ። ከሰራ ሌላው ሁሉ ይብራ።

ቀድሞ የበራ ኮምፒውተር ካለ አይፒ አድራሻውን (ኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) እዩት። በ169.254 ከጀመረ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አላገኘም ማለት ነው። የኔትወርክ ገመዱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ ካልሆነ ሪስታርት አድርጉት። አድራሻው ደህና ሆኖ የሼርድ ፎልደሩ ድራይቭ ላይ ቀይ ኤክስ ካለ ደብል ክሊክ ብቻ አድርጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል።

ሌላው፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ኃይል ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። የሰራተኞቹን ኮምፒውተሮች ጠፍተው እንዲቆዩ አድርጓቸው። ሰርቨሩና ስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። ስታጠፉ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ የሰራተኛው ኮምፒውተር፣ ከዚያ ሰርቨሩ፣ ስዊቹ መጨረሻ።