የውርስ ዴስክቶፕ ከደረሳችሁ

አጎቴ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲቀየር አሮጌውን «ለትምህርቱ ይሁነው» ብሎ በላዳ ጭኖ አመጣልኝ። ስጦታ ነው፣ አመሰገንኩ። ማታ ስከፍተው ግን ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ ስመለስ ገና «ዌልካም» እያለ ነው። ከዚያ ወዲህ በስንት ልፋት ተግባብተናል። እናንተም ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላ፣ የመብራት ገመዱ የሚገባበት አካባቢ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ እዩት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። የኛ መብራት 220 ነው፣ ስለዚህ 230 ወደሚለው ግፉት። ይህን የረሳ ሰው «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ነው የሚከተለው።

ቀጥሎ ገመዱን ንቀሉና ካሳውን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ክፈቱ። የኔ ውስጥ የነበረው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ፋኑን በጣት ያዝ አድርጋችሁ። ፓወር ሰፕላዩን (የመብራት ገመዱ የሚሰካበትን ሣጥን) ግን እንዳትፈቱት፤ ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ያቆያል።

ሲከፈት «ጢጥ ጢጥ» ብሎ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው። ወደ ጥገና ቤት አትሩጡ። የካሳውን ብረት ነካ አድርጉና ራሙን አውጡት፣ ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ፍርፋሪውን ጠርጋችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሱት። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ብሎኝ ነበር፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። በ5 ብር ላጲስ ተነሣ።

አሁን በጣም የሚያናድደው መጣ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይመለሳል (በኛ ታኅሣሥ 23፣ 2001 መሆኑ ነው፣ ገና ለገና እየተዘጋጀሁ እንደሆነ አድርጎ ያስባል)። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ጂሜይሉንም ባንኩንም ይከለክላችኋል፣ ምክንያቱም ድረ ገጾች የሚያሳዩት የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስንት ቀን ዋይፋዩን ስሳደብ ነበር! ጥፋቱ የአንዲት ክብ ባትሪ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል አለች፣ ሲአር2032 ትባላለች፣ ሰዓት የሚጠግን ሁሉ ይሸጣታል። ቀይሩና ቀኑን አስተካክሉ።

ዝግታው ግን በጽዳት አይለቅም። ትንሽ ብር ካላችሁ ሁሉንም ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን የፋይል ማስቀመጫ) ላይ አውሉት። 120 ጊጋው ይበቃል፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ለፊልም ማስቀመጫ ተዉት። የኔ በ4 ደቂቃ ይከፈት የነበረው አሁን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ራም መጨመር ከፈለጋችሁ ያለውን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ቀዳዳቸው አይገጥምም፣ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ እንኳ አትስሙት።

ዊንዶውስ 7 በ2020 ድጋፉ ቆሟል፣ 10ም በኦክቶበር 2025። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ ጭናችሁ ሞክሩ። ነፃ ነው። ፍላሽ ሰክታችሁ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት የሚሆኑባችሁ ያ የፎቶ ኮፒ ቤት ቫይረስም የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አያስቸግርም።

ኪቦርድ ላይ የኔ «ኤን» አይሠራም ነበር። በአማርኛ ስጽፍ «እኔ» ማለት እንኳ አልችልም ነበር። ቁልፉን ነቅዬ ሳየው የዳቦ ፍርፋሪ። ክብ መሰኪያ ያለው አሮጌ ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ሰኩት፣ ከተከፈተ በኋላ ላያውቀው ይችላል።

ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ነገሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ ግን እዚያ ላይ ብር አትጨምሩ። ሃርድ ዲስኩን ፈታችሁ በዩኤስቢ ካሳ አስገቡትና የሚያስፈልጋችሁን ፋይል ገልብጡ፤ የቀረውን ቁራሌው ሲጠራ ስጡት።