«64 በመቶ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት፦ ስለ ትምህርት ቤት ፈተና የሕዝብ አስተያየት ሲዘገብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኦገስት 2015 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የአማርኛ ሬዲዮ ዜና እሠራ ነበር። ስርጭቱ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ ደረሰኝ። ከመቶ አሜሪካውያን 64ቱ በትምህርት ቤቶች ለፈተና የሚሰጠው ትኩረት በዝቷል ይላሉ። እኔም ሳላመነታ «አሜሪካውያን ፈተና በቃን አሉ» ብዬ አነበብኩት።

ዜናው እንዳለቀ አንዲት አዛውንት ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ ታዲያ የልጅ ልጄን ከፈተናው እናስቀራት?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሰዎቹ ምን ተብለው እንደተጠየቁ እንኳ አላየሁም ነበር። ከታች ያሉት ስህተቶች እኔም የሠራኋቸው፣ መግለጫ የሚያዘጋጁ ሰዎችም ደጋግመው የሚሠሯቸው ናቸው።

ቁጥሩን ይዞ ጥያቄውን መጣል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ።

የዚያን ኦገስት ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ያ 64 በመቶ የመጣው ፒዲኬ የተባለው የትምህርት ባለሙያዎች ማኅበር ጋሉፕ ከተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት ጋር ያኔ በየዓመቱ ያወጣ ከነበረው ጥናት ነው። ጥያቄው በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ በአካባቢዎ ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለፈተና የሚሰጠው ትኩረት በዝቷል፣ አንሷል ወይስ ልክ ነው? 64 በመቶው በዝቷል አሉ።

በቀናት ልዩነት ደግሞ ኤዱኬሽን ኔክስት የተባለው መጽሔት የራሱን ጥናት አወጣ። እሱ የጠየቀው ሌላ ነው። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አንዴ፣ ሁሉም ተማሪ በሒሳብና በንባብ እንዲፈተን የፌዴራል መንግሥት ማስገደዱን ይቀጥል ወይ? 67 በመቶው ይቀጥል አለ።

አንዱ ስለ ትኩረት ጠየቀ፣ ሌላው ስለ ሕግ። «በዝቷል» የሚለው ቃል ስሜትን ይነካል። «ይቀጥል ወይ» የሚለው ደግሞ ሰውን ያለውን ነገር እንዲያፈርስ ይጠይቀዋል፤ ማፍረስ ደግሞ ብዙ ሰው ይከብደዋል። መግለጫ የሚያዘጋጅ ሰው ጥያቄውን ቃል በቃል፣ ከነአማራጮቹ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቀምጥ። አባሪ ውስጥ የተቀበረ ጥያቄን ሃያ ደቂቃ የቀረው ጋዜጠኛ አይፈልገውም። እኔ አልፈለግኩትም።

ሁለት ውጤቶችን እንደ ኳስ ጨዋታ ማጋጠም

ሁለቱ ጥናቶች ሲወጡ ብዙ ሰው «የትኛው ነው ትክክል?» አለ። የፈተና ተቃዋሚዎች 64ቱን ይዘው ወጡ፣ ደጋፊዎች 67ቱን።

እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። ሁለቱም ጥናቶች ያንኑ ሕዝብ በትክክል ይወክላሉ እንበል። 64 እና 67 ሲደመሩ 131 ይሆናሉ። ሕዝቡ ግን መቶ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 31ዱ ሁለቱንም የሚሉ ሰዎች ናቸው፦ ፈተናው በዝቷል፣ ግን ይቀጥል። እኔ ይሄ ምንም አይደንቀኝም። ቡና በዝቶብኛል የሚል ሰው ሁሉ ቡና ተውኩ አላለም። ትልቁ ዜና እነዚያ 31ዱ ነበሩ። ያኔ ግን ርዕስ ያደረጋቸው አላየሁም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲሱን የትምህርት ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ዓመታዊውን ፈተና አስቀጠለ። ሴኔቱ ያሳለፈው 85 ለ12 በሆነ ድምፅ ነው። «በቃን አሉ» የሚለውን የእኔን ዜና የሰማ አድማጭ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

«አብዛኛው» የሚለውን ቃል ማባከን

የአዛውንቷ ጥያቄ መልስ እዚያው ጥናት ውስጥ ነበር። ፒዲኬና ጋሉፕ ወላጆች ልጆቻቸውን ከፈተና እንዲያስቀሩ ይፈቀድላቸው ወይ ብለው ጠይቀዋል። ከጠቅላላው ሕዝብ 41 በመቶው ይፈቀድ፣ 44 በመቶው አይፈቀድ አለ። ልጆቻቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሚማሩ ወላጆች ደግሞ 47 በመቶው ይፈቀድ፣ 40 በመቶው አይፈቀድ አሉ።

47 በመቶን «አብዛኞቹ ወላጆች» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ግን ግማሽ እንኳ አይሞላም። 13 በመቶው ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። «ከሚቃወሙት የሚደግፉት ይበልጣሉ» ማለት ይበቃል። ትንሽ ረዘም ይላል፣ እውነት ግን ነው።

ስሙ ብቻውን ምን እንደሚሠራ መርሳት

የቃል ጉልበት የማይታመን ነው። በ2014 ኤዱኬሽን ኔክስት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ተማሪ በየክፍሉ ምን ማወቅ እንዳለበት ስለሚወስኑት የጋራ መመዘኛዎች ሲጠይቅ መላሾቹን ለሁለት ከፈላቸው። ለአንዱ ቡድን «ኮመን ኮር» የሚለውን ስም ጠራ። ለሌላው ስሙን ትቶ ነገሩን ብቻ ነገረ። ስሙ ሲጠራ 53 በመቶ ደገፈ፣ ሳይጠራ 68 በመቶ። ጉዳዩ አንድ፣ ልዩነቱ 15 ነጥብ! ስሙ በፖለቲካ ጭቅጭቅ ተበላሽቶ ነበርና ሰው የሚመልሰው ለስሙ ሆነ።

ለእኛ ይሄ ነገር ድርብ ነው፤ ምክንያቱም እንተረጉማለን። «ፈተና» ስንል የአማርኛ አድማጭ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ማትሪክ ነው። በ2014 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር የደነገጠው የልጆቹ ዕጣ ፈንታ እዚያ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። አሜሪካኖቹ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚሰጡት ፈተና ግን በዋናነት የሚመዝነው ትምህርት ቤቱን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። እኔ ያኔ አልጨመርኩም። አዛውንቷም የልጅ ልጃቸው የምትወድቅ መስሏቸው ነበር የደወሉት።

የስህተት ህዳጉን ለሁሉም ማዋል

የስህተት ህዳግ ማለት የተጠየቀው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ከሕዝቡ እውነተኛ ሐሳብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት መጠን ነው። 1,000 ሰው ሲጠየቅ ህዳጉ ወደ 3 ነጥብ ነው። ከ1,000ው ውስጥ ወላጆቹ 250 ብቻ ከሆኑ ለእነሱ ህዳጉ ወደ 6 ከፍ ይላል። መግለጫዎች ግን 3ቱን ከታች በትንሽ ፊደል ጽፈው፣ ርዕሱን ከ250ዎቹ ያወጣሉ። እንደ 47 ለ40 ያለ ልዩነት እዚያ ላይ ከቆመ መጠንቀቅ ነው።

ማን እንደጠየቀና ማን እንዳልተጠየቀ አለመናገር

ፒዲኬ የትምህርት ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ኤዱኬሽን ኔክስት ላይ ደግሞ ወላጅ ትምህርት ቤት እንዲመርጥና ትምህርት ቤቶች በውጤታቸው እንዲጠየቁ የሚደግፉ ጸሐፊዎች ይበዛሉ። ይህ ማለት አጭበርብረዋል ማለት አይደለም። ሁለቱም ጥያቄዎቻቸውን በይፋ ያወጣሉ፣ ያስመሰግናቸዋል። ግን የትኛው ጥያቄ መጠየቅ አለበት የሚለውን የመረጡት እነሱ ናቸው። ስማቸው ዜናው ውስጥ ይግባ።

ያልተጠየቁትም አሉ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ጥናቶች የሚካሄዱት በእንግሊዝኛ፣ ቢበዛ በስፓኒሽ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ልጆቹን የሚያስተምር፣ በአማርኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ ሐሳቡን መግለጽ የማይመቸው ወላጅ በ64ቱም በ67ቱም ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ። «ወላጆች ይህን አሉ» ብለን ለእነሱው ስናነብላቸው ትንሽ ያስቃል።

የቴሌግራም ድምፅን ጥናት ማለት

አጭሩ ስህተት ይሄ ነው። «40 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጥቷል» አይሠራም፤ የመጣው የፈለገ ነዋ። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰብስቦ በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ።

ያን ቀን ያነበብኩትን ዜና ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦ «አንድ የትምህርት ባለሙያዎች ማኅበር ከጋሉፕ ጋር ባካሄደው ጥናት፣ በአካባቢያቸው ለፈተና የሚሰጠው ትኩረት በዝቷል ያሉት 64 በመቶ ናቸው። ወላጆች ልጆቻቸውን ከፈተና እንዲያስቀሩ ይፈቀድ ወይ በሚለው ግን ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሏል። ሌላ ጥናት ደግሞ 67 በመቶው ዓመታዊው ፈተና እንዲቀጥል እንደሚፈልግ አሳይቷል።» ቆጥሬዋለሁ፣ ሲነበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።