በቀደምት የኩንግ ፉ ፊልሞች ደጋፊ ተዋንያንን ስንመለከት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቪዲዮ ቤት የካራቴ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች «አክተር» የሚለውን ቃል የምንጠቀምበት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። አክተሩ ማለት በመጨረሻ የሚያሸንፈው፣ «አክተር አይሞትም» የሚባልለት ሰው ነው፤ የቀረው ሁሉ ሽማግሌው፣ ሰካራሙ ወይም ፂማሙ እየተባለ ያለ ስም ይታለፋል። ይህ አጠራር የልጅነት ቢሆንም ከእኛው ጋር አድጎ አተያያችንን ቀርጾታል። እኔ እነዚያን ፊልሞች ደግሜ ባየሁ ቁጥር በልቤ የሚቀሩት ከዋናው ተዋናይ ይልቅ በዙሪያው ያሉት ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች እነርሱን በሚገባ እንዳናይ የሚጋርዱን ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የክፉ ሰው ሚና የሚጫወተውን ተዋናይ ከሚናው ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። በ1913 የተወለደው ሺ ኪየን ለዚህ ዋናው ምስክር ነው። ከ1949 ጀምሮ ክዋን ታክ ሂንግ የታወቀውን የኩንግ ፉ መምህር ዎንግ ፌይ ሁንግን ሆኖ በተጫወተባቸው ተከታታይ ፊልሞች ውስጥ ሺ ኪየን የመምህሩ ባላጋራ እየሆነ ለዓመታት በመቅረቡ የሆንግ ኮንግ ሰው «ክፉው ኪን» የሚል ቅጽል አወጣለት። ብሩስ ሊ በ1973 በ«ኢንተር ዘ ድራገን» መስታወት በሞላበት ክፍል ውስጥ የሚፋለመው የደሴቲቱ ጌታ ሃን እርሱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ነበር። ብዙ ተመልካች የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ይሁንና ከሰባት ዓመት በኋላ ጃኪ ቻን ራሱ ባዘጋጀው «ዘ ያንግ ማስተር» ውስጥ ይኸው ሰው የሕግ አስከባሪ አለቃና የልጆች አባት ሆኖ ይመጣል። ግንባሩ ላይ ያለው መጨማደድ፣ ከዓይኑ ጥግ የሚልከው አስተያየትና የጎላው ቅንድቡ አልተለወጡም፤ የተለወጠው በእነርሱ የሚሠራው ሥራ ነው። በሃን ላይ ፍርሃት የሚያሳድረው ያ አስተያየት በአለቃው ላይ ግልፍተኛ ግን ቅን የሆነ አባት ያሳየናል፤ ያስቃልም። ሁለቱን ፊልሞች ተከታትሎ ያየ ሰው ክፋቱ የፊቱ ሳይሆን የጥበቡ ውጤት እንደነበር ይረዳል።

በ«ኢንተር ዘ ድራገን» ምክንያት የሚነሳ ሌላ ስህተት አለ፤ እርሱም ተዋናይን በድምፁ መመዘን ነው። ሃን በእንግሊዝኛ ሲናገር የምንሰማው ድምፅ የሺ ኪየን ሳይሆን የኪ ሉክ የተባለ ሌላ ተዋናይ ነው። ይህ ብቻውን የቆመ ጉዳይ አልነበረም። በዚያ ዘመን በሆንግ ኮንግ አብዛኛው ፊልም ያለ ድምፅ ይቀረጽና ንግግሩ በኋላ በስቱዲዮ ይጨመርበት ነበር፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ደግሞ የቀደመው ድምፅ ጨርሶ ይነሳና ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰዎች የሁሉንም ሚና ይከፋፈሉታል። ስለዚህ ንግግሩ ሲንቀጫቀጭ ወይም ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር ሳይገጥም ሲቀር «ትወናው ደካማ ነው» ብሎ መፍረድ ተዋናዩን ባልሠራው ሥራ መክሰስ ይሆናል። እኔ አንዳንድ ትዕይንት ድምፁን ዘግቼ እመለከታለሁ፤ የትከሻ ዝንባሌ፣ የእጅ አያያዝ፣ የትንፋሽ መቆም ያን ጊዜ ጎልተው ይወጣሉ።

ሦስተኛው ስህተት የደጋፊ ተዋናይን ዋጋ በሚዘለው ዝላይ ልክ መተመን ነው። የዳይሬክተሩ የዩን ዎ ፒንግ አባት ዩን ሲው ቲየን በ1978 በ«ድራንከን ማስተር» ሰካራሙን መምህር ለማኝ ሶን ሲጫወት ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት በጥር ወር አረፈ። በዕድሜው ምክንያት ከባድ መገለባበጦች ላይ ሌላ ሰው ተተክቶለታል። ይህንን እንደ ማጭበርበር የሚያነሱ አሉ። እኔ ግን ሰውየውን ሰው ያደረገው መገለባበጡ እንዳልሆነ እከራከራለሁ። ዩን ሲው ቲየን ከቻይና ኦፔራ የመጣ ሰው ነው፤ በዚያ መድረክ አረማመድ ብቻውን ዕድሜን፣ ማዕረግንና ስካርን ይናገራል። መጠጥ ባጣ ጊዜ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ቅሉን ሲያነሳ ዓይኑ ሲበራ፣ ተማሪውን ሲቀጣ ጭካኔውና ፍቅሩ ሲደባለቁ የምናየው የእርሱን የራሱን ሥራ ነው። የኦፔራውን ልማድ የማያውቅ ተመልካች ደግሞ ይህን የጎላ አሠራር «ማጋነን» ይለዋል፤ በእርግጥ ግን ከሩቅ ለተቀመጠ ታዳሚ እንዲታይ ሆኖ የተቀመረ ቋንቋ ነው።

በፍልሚያ ጊዜም ዓይናችን ሁልጊዜ መቺውን ይከተላል። ምቱን ኃይለኛ የሚያደርገው ግን ተቀባዩ ነው፤ እርሱ በትክክለኛው ቅጽበት ካልተንገዳገደ ዋናው ተዋናይ አየር ይመታል። አንድን ፍልሚያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ የሚወድቀውን ሰው ብቻ ይመልከቱ።

የምናየው ቅጂ የተቆረጠ መሆኑን አለማወቅም ያሳስታል። የሻው ብራዘርስ ስቱዲዮ «ሻውስኮፕ» ብሎ በሚጠራው ስፋቱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ በሆነ ምስል ይቀርጽ ነበር። ይህ ለአሮጌ ቴሌቪዥን እንዲመች ግራና ቀኙ ሲቆረጥ ከምስሉ ከ40 በመቶ በላይ ይጠፋል። ዋናው ተዋናይ መሃል ስለሚቆም ይተርፋል፤ ከዳር ሆኖ የሚያደምጠው፣ የሚገረመው፣ የሚመቀኘው ደጋፊ ግን ከነትወናው ይወገዳል። በካሴት ያየነውን ሙሉ ስፋቱን በጠበቀ ቅጂ እንደገና ማየት ተገቢ ነው። ስሞችም እንዲሁ ያደናግራሉ፤ አንዱ ሰው በቻይና ዋና ቋንቋ በማንዳሪን አነባበብ ሺ ኪየን፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሚነገረው በካንቶንኛ ሴክ ኪን ሲባል ሁለት ሰው የሚመስለው ብዙ ነው።

የመጨረሻው ስህተት «ደጋፊ የሆነው ለዋናነት ስላልበቃ ነው» የሚለው ግምት ነው። ሎ ሊየ በ1972 «ኪንግ ቦክሰር» ዋና ተዋናይ ነበር፤ በ1977 ግን ነጭ ቅንድቡን የለበሰውን ጨካኙን መነኩሴ ፓይ ሜይን ሆኖ የብዙዎች ትዝታ ውስጥ ቀረ። በዚያው «ኪንግ ቦክሰር» ክፉውን የትምህርት ቤት ጌታ የተጫወተው ቲየን ፌንግ በዚያው ዓመት በብሩስ ሊ «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» ረጋ ያለውን ታላቅ ደቀ መዝሙር ሆኗል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ኩ ፌንግ ነው። በ1978 «ዚ አቬንጂንግ ኢግል» ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስቦ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ የሚያሳድግ የወንበዴዎች አለቃ ነው፤ ከእርሱ የሚሸሸውም በእጁ ያደገው ቲ ሉንግ ነው። በ1982 «ታይገር ኪለር» ደግሞ ይኸው ኩ ፌንግ የዚሁ ቲ ሉንግ ታላቅ ወንድም ዉ ዳ ይሆናል፤ ቁመተ አጭር፣ የዋህ፣ ዳቦ ሻጭ፣ በገዛ ሚስቱ እጅ በመርዝ የሚሞት ሰው። በዚህ ሚና በታይዋን የወርቅ ፈረስ ሽልማት የምርጥ ደጋፊ ተዋናይነትን አግኝቷል። ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ምሽት አከታትሎ ለሚያይ ሰው፣ በመጀመሪያው ልጁን ለመግደል በብረት ጥፍር የሚዘረጋው እጅ በሁለተኛው ወንድሙን ለመቀበል ሲዘረጋ ማየት ይደርሰዋል።