የሬጅመንት ሙዚየም እንዴት ይጎበኛል? መቅደላን ላንካስተር ከተማ ውስጥ መፈለግ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው ላንካስተር ከተማ፣ የገበያው አደባባይ ዳር አንድ የቆየ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ከ1781 እስከ 1783 ለማዘጋጃ ቤትነት የተሠራ ሲሆን ዛሬ የከተማው ሙዚየም ነው። የ«ኪንግስ ኦውን» ሬጅመንት ሙዚየምም ከ1929 ጀምሮ እዚያው ውስጥ ይገኛል። ስሙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ነው። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት መቅደላ ሥር ባለው አሮጌ በሚባል ሜዳ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ የጦር መሪ በፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊት ላይ ከተኮሱት ዋነኛው ይኸው ጦር ነበር። እንግሊዝ አገር የሚኖር ወይም ለጉዳይ ጎራ የሚል ሰው አንድ ቀን ቢሰጠው አይቆጭም፤ አካሄዱን ካወቀ ማለቴ ነው። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. አስቀድመው የጦሩን ቁጥር ይወቁ

ሬጅመንት እንግሊዞች ዘንድ ከጦር ክፍልነት ያለፈ ነገር ነው። የራሱ ስም፣ ሰንደቅ፣ የትውልድ አውራጃና የራሱ ሙታን ያሉት ቤት በሉት። ሙዚየሙም የዚያ ቤት ማስታወሻ ስለሆነ የአገር ታሪክ ሙዚየም ውስጥ እንደገቡ አድርገው አይጠብቁት። ቤተሰብ አያቱን ሲያነሣ እንዴት እንደሚያወራ ያውቃሉ፤ እዚህም ያው ነው።

ችግሩ ስሞቹ ይለዋወጣሉ። ይህ ጦር በ1680 ተመሠረተ፤ ለረጅም ጊዜ «4ኛው እግረኛ» ሲባል ኖሮ በ1881 በተደረገው ለውጥ ስሙ ከላንካስተር ጋር ተያያዘ፤ በ1959 ደግሞ ከሌላ ሬጅመንት ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ የ1868 ዕቃ ላይ የሚያነቡት «4ኛው» የሚለውን ነው። መቅደላን የሚፈልግ ሰው ሌሎች ሁለት ቁጥሮችም ቢይዝ ይጠቅመዋል። 33ኛው የመቅደላን በር ሰብሮ የገባው ነው፤ ታሪኩ ሃሊፋክስ ከተማ ባንክፊልድ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። የ45ኛው ደግሞ ኖቲንግሃም ቤተ መንግሥት ነው። ከዘመቻው አዛዥ ከጄኔራል ናፒየር ጋር ከመጣው ወደ 13,000 ከሚጠጋ ወታደር አብዛኛው ሕንዳዊ እንደነበረም ልብ ይበሉ፤ ለእነርሱ ላንካስተር ውስጥ ሙዚየም የሠራላቸው የለም።

2. ሳይጽፉ አይሂዱ

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሙዚየሞች የሚንቀሳቀሱት በጥቂት ሠራተኞችና በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ የሚከፈቱበት ሰዓት እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። አንድ ጊዜ ሌላ ከተማ ወደሚገኝ የሬጅመንት ሙዚየም ሁለት ሰዓት በባቡር ተጉዤ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አንብቤ ተመልሻለሁ። ዝናብም ነበር።

ስለዚህ ከድረ ገጹ ላይ ሰዓቱን ያረጋግጡ፤ ቀጥሎም አጭር ኢሜይል ይጻፉ። «ሙዚየሙን ማየት እፈልጋለሁ» ብቻ አይበሉ። «ከ1868ቱ የአቢሲንያ ዘመቻ ያላችሁን ዕቃ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ማየት እፈልጋለሁ፤ ለእይታ ያልወጣ ካለ በቀጠሮ ማየት ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የትም ሙዚየም ቢሆን በመስታወት ውስጥ ያለው ከግምጃ ቤቱ ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ቀጠሮ የሚሰጠውም ለጠየቀ ብቻ ነው።

3. መንገዱን በእግር ይውረዱት

ላንካስተር ከለንደን ዩስተን ጣቢያ በቀጥታ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከማንቸስተር ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው እስከ ገበያው አደባባይ አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልግም። መንገድዎን በኮረብታው በኩል ካደረጉት እስከ 2011 ድረስ እስር ቤት የነበረውን ቤተ መንግሥት ያልፋሉ። ከጎኑ ያለው የላንካስተር ፕራዮሪ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሬጅመንቱ የመታሰቢያ ጸሎት ቤት ይገኛል፤ አሮጌ ሰንደቆቹ እዚያ ተሰቅለዋል። መጀመሪያ እዚህ ይግቡ። እኛ ታቦቱ ሲዘምት፣ ድል ሲገኝ ለቤተ ክርስቲያን ስለት ሲገባ ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ የጦር ሰንደቅ ከመቅደስ ጥላ ሥር ሲያርፍ ነገሩ ያለ አስጎብኚ ይገባናል።

4. ሁሉንም ለማንበብ አይሞክሩ

ሙዚየሙ ሲደርሱ የከተማው ታሪክና የጦሩ ታሪክ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ከሬጅመንቱ በፊት አንድ ድንጋይ ይመልከቱ፦ በ2005 ከመሬት የወጣ የሮማ ፈረሰኛ የመቃብር ሐውልት። ፈረሰኛው ኢንሱስ ይባላል፤ በእጁ የቆረጠውን የጠላት ራስ አንጠልጥሏል። ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ሰው ፊት ይዩት። የገዳዩ ስም ተጽፏል፤ የሟቹ አልተጻፈም። ይህን ይዘው ወደ ሬጅመንቱ ክፍል ይግቡ።

እዚያ ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ ይጠብቅዎታል። ከመጀመሪያው መስታወት ጀምሮ በተራ ካነበቡ ዋተርሉ ላይ ይደክማሉ። ይልቅስ ጦሩ የዋለባቸው ቦታዎች ስም ዝርዝር የሰፈረበትን ይፈልጉ፤ በእያንዳንዱ ሬጅመንት ሰንደቅ ላይ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይጠለፋል። ዋተርሉ፣ አልማ፣ ኢንከርማን፣ ሴቫስቶፖል፣ ከዚያ አቢሲንያ። ለአፍታ እዚህ ይቁሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ትልቁን መድፍ «ሴባስቶፖል» ያሉት በዚያችው በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም ነበር። ሴቫስቶፖልን ከብበው የተዋጉት እነዚሁ የ4ኛው ሰዎች ከ13 ዓመት በኋላ ስሙን የያዘውን መድፍ መቅደላ አፋፍ ላይ አገኙት። መድፉ ዛሬም እዚያው ነው።

5. ሜዳሊያውን በቅርብ ይመልከቱ

የዘመቻው ተካፋዮች የተሸለሙት ሜዳሊያ ከሌሎቹ ስለሚለይ ካገኙት አይስቱትም። ሪባኑ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ሰፊ ቀይ መስመር አለው፤ ከላይ ዘውድ አለ። መሐሉ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ትንሽ ፊት፣ ዙሪያዋን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ። በጫፎቹ መካከል ደግሞ አንድ አንድ ፊደል ተቀርጿል። ዞር እያሉ ቢያነቡት በእንግሊዝኛ «አቢሲንያ» ይላል፤ በእንግሊዝኛው ዘጠኝ ፊደል ነውና። በጀርባው የተሸላሚው ወታደር ስም ከብሩ ላይ ጎልቶ ተቀርጿል። ለተራ ወታደር ሁሉ ስሙን እንዲህ ለየብቻ መቅረጽ ብዙ ወጪ የጠየቀ ሥራ ነበር። በዚያው ቀን አሮጌ ላይ ከወደቁት 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ስንቱን በስም እናውቃለን? ይህ የእንግሊዞች ጥፋት ብቻ አይመስለኝም፤ እኛም አልጻፍናቸውም።

ጠመንጃም ይፈልጉ፤ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር። የእንግሊዝ ጦር ይህን ጠመንጃ በጦር ሜዳ የሞከረው መጀመሪያ አሮጌ ላይ ነው። በአፈሙዝ ባሩድ እየጠቀጠቀ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚተኩስ ሰው ፊት፣ በደቂቃ አሥር ጊዜ የሚተኩስ ቆመ። ከእንግሊዝ ወገን ቆስለው የሞቱት ሁለት ብቻ የሆኑበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። አማርኛችን ስሙን ወስዶ «ሰናድር» አለው፤ አያቶቻችን ሲያወሩ የሰማነው ቃል ባለቤት ይህ ነው።

6. የመግለጫ ጽሑፉን ግስ ይመርምሩ

ከዕቃው አጠገብ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ውስጥ ትልቁ ነገር ግሱ ነው። «የተሰበሰበ» ይላል ወይስ «የተማረከ»? «በስጦታ የተገኘ» ከሆነ ሰጪው ማን ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት ወይስ የዘማቹ የልጅ ልጅ? ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት ደላንታ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ለሐራጅ ቀርቧል፤ ስለዚህ «የተገዛ» የሚል ቃል ቢያገኙ እንኳ ጥያቄው አያበቃም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ፍሬ ማፍራቱ ታይቷል። ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ይዞት የቆየውን የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር በመጋቢት 2019 ለኢትዮጵያ መልሷል።

ቀኖቹንም ይጠንቀቁ። አሮጌ በጽሑፉ ላይ ኤፕሪል 10 ቀን 1868 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.። ንጉሡ ራሳቸውን የሠዉበት ኤፕሪል 13 ደግሞ ሚያዝያ 6፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ። በዛሬው የቀን መቁጠሪያ ካሰሉ አንድ ቀን ይጎድልብዎታል፤ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በ1900 በአንድ ቀን ስለጨመረ ነው።

7. ከመውጣትዎ በፊት

ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብልጭታውን ያጥፉ። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የመግለጫ ጽሑፉንና ቁጥሩንም ያንሡ፤ ቁጥሩ ከሌለዎት በኋላ የሚጽፉት ደብዳቤ «ያ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው» ከማለት አያልፍም። በር ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ያነጋግሩ። ከአባቶቻቸው አንዱ በዚያ ጦር ውስጥ ያገለገለ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ከወዲያ ማዶ መጥተዋል። በትሕትና የተጠየቀ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተቆለፈ መሳቢያ ያስከፍታል።

የጎብኚዎች መዝገብ ካለ ከ«በጣም ጥሩ ነው» የተሻለ ነገር ይጻፉበት። ፊታውራሪ ገብርዬ ብለው በፊደላችን፣ ከሥሩ አነባበቡን በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም የሞቱበትን ቦታና ቀን።