በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር የቴሌስኮፕን ማውንት ከሰማይ ዋልታ ጋር ማስተካከል

ካሜራውን ለደቂቃዎች ክፍት አድርጎ ኔቡላ (በኅዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ወይም ጋላክሲ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የኢኳቶሪያል ማውንቱ (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሰማይን መዞር ተከትሎ የሚያዞረው መቆሚያ) መዞሪያ ዘንግ ወደ ሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ፣ ማለትም ሰማይ ሲዞርበት ወደሚታየው ነጥብ፣ እንዲያመለክት ማድረግ አለበት። ዘንጉ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢስት፣ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ የሚታሰብ መስመር) አጠገብ ያለ ኮከብ በ4 ደቂቃ ውስጥ የሙሉ ጨረቃን ስፋት አንድ ሠላሳኛ ያህል ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህም በ500 ሚሊሜትር ሌንስ በተነሳ ፎቶ ላይ ኮከቡን ወደ ጭረት ለመለወጥ ከበቂ በላይ ነው።

አብዛኞቹ መመሪያዎች የሰሜን ኮከብን በዋልታ ማነጣጠሪያው (በዘንጉ ውስጥ ባለችው ትንሽ መነጽር) ውስጥ ፈልጉ ይላሉ። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ኮከቡ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም፤ ከሽሮ ሜዳ ለሚመለከት እንጦጦና ባሕር ዛፉ ይጋርዱታል፤ ገላጣ ቦታ ቢገኝ እንኳ ጭስና ጭጋግ ያደበዝዙታል። በእኔ እምነት እዚህ የሚያዋጣው የኮከብን መንሸራተት እያዩ ማረም ነው።

ትሪፖዱን በውሃ ልክ ካስተካከሉ በኋላ የከፍታ መለኪያውን 9 ላይ ያድርጉ። ወደዚህ ዝቅታ የማይወርዱ ማውንቶች ስላሉ ይህን ከመግዛት በፊት ማጣራት ይገባል። ዘንጉ አግድም ሊሆን ጥቂት ስለሚቀረው፣ የሚዛን ክብደቱ ወደ ታች ሲዞር ከትሪፖዱ እግር ጋር እንዳይጋጭ በእጅ ቀስ ብለው አዙረው ይመልከቱ። ሰሜንን በኮምፓስ ሲፈልጉ ከብረቱ ራቅ ይበሉ፤ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን በጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ እንደሚያዘነብልም ያስቡ።

ለግራ ቀኝ እርማቱ በኦሪዮን ቀበቶ ላይ ያለው ሚንታካ እጅግ ምቹ ነው፤ በሰማይ ወገብ ላይ ስለሚገኝ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከአናት በላይ በትንሹ ወደ ደቡብ ብሎ ይታያል። ካሜራውን ለ125 ሴኮንድ ክፍት ያድርጉ፤ ለ5 ሴኮንድ ምንም ሳይነኩ ይቆዩ፣ ከዚያ ቴሌስኮፑን በመቆጣጠሪያው በዝቅተኛ ፍጥነት ለ60 ሴኮንድ ወደ ምዕራብ፣ ለሌላ 60 ሴኮንድ ወደ ምሥራቅ ይንዱት። በፎቶው ላይ ኮከቡ ከደማቅ ነጥብ ተነስቶ ይሄድና ይመለሳል። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ አቅጣጫው ትክክል ነው፤ እንደ ተከፈተ መቀስ ከተለያዩ ግን ከነጥቡ አንጻር የመመለሻው ጫፍ ያረፈበት ወገን የመንሸራተቻውን አቅጣጫ ያሳያል። በምስሉ ላይ ደቡብ የት እንደሆነ ለመለየት ቴሌስኮፑን ትንሽ ወደ ሰሜን ያንቀሳቅሱ፤ ኮከቡ የሚሸሽበት ወገን ደቡብ ነው። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ስለሳተ ወደ ምዕራብ ይመልሱት፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ተቃራኒውን ያድርጉ።

ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል፣ ከአድማስ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ ይምረጡ። ከዚያ ዝቅ ያለውን ከባቢ አየር ብርሃኑን ስለሚያጥፈው አይመኑት። እዚህ ኮከቡ ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ ዝቅ ብሏልና ከፍ ያድርጉት፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ዝቅ ያድርጉት። በምዕራብ ያለ ኮከብ ከመረጡ ፍርዱ ይገለበጣል።

ብሎኖቹን ማጥበቅ ራሱ ዘንጉን ስለሚገፋው፣ ካጠበቁ በኋላ ወደ ሚንታካ ተመልሰው ካሜራውን ለ5 ደቂቃ ክፍት አድርገው ሙከራውን ይድገሙት።