የሙዚየማችሁ ዶሜይን ከእጃችሁ ሲወጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሙዚየም አለች። ትርፍ ሰዓት ሳገኝ እየሄድኩ አግዛለሁ። የድሮ የእጅ ጽሑፎች አሏት፣ ሐረር ራሷ ትሠራቸው የነበሩ ሳንቲሞች አሏት፣ የእናቶች ስፌትና የብር ጌጥ አላት። አንድ ቀን ጠዋት ፈረስ መጋላ አካባቢ የሚሠራ አስጎብኚ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ለእንግዶቼ ድረ ገጻችሁን ላሳያቸው ብዬ ብከፍት የቁማር ገጽ መጣብኝ እኮ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለኝ። ከፍቼ አየሁት። እውነቱን ነው። የሙዚየሟ ስም ከላይ አለ፣ ከሥሩ ግን ቁማር።

ዶሜይናችን፣ ማለትም የድረ ገጻችን አድራሻ ስም፣ ጊዜው አልፎበት ሌላ ሰው ወስዶታል። ያን ቀን የሚያስረዳኝ ሰው አጥቼ ብዙ ተንከራትቻለሁ። እናንተም ሙዚየም፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ትንሽ ማኅበር ካላችሁ በዚህ መንገድ እንዳታልፉ፣ ካለፋችሁም ደግሞ ከየት እንደምትጀምሩ እንድታውቁ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ዶሜይን አይገዛም፣ ይከራያል። ብዙዎቻችን «ዶሜይን ገዛን» ስለምንል የእኛ ሆኖ የሚቀር ይመስለናል። በዓመት፣ በሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ኪራይ ትከፍላላችሁ፤ ኪራዩ ሲቆም ቤቱ ለሌላ ተከራይ ይሰጣል። ኪራዩን የሚቀበለው ድርጅት ሬጅስትራር ይባላል።

መጀመሪያ፦ የጠፋው ምኑ ነው?

ድረ ገጹ አልከፈት ሲል ሁሉ ዶሜይኑ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ፋይሎቹ የተቀመጡበት ቦታ፣ ማለትም ሆስቲንጉ፣ ለብቻው የሚከፈልበት ነገር ነው። እሱ ብቻ ከሆነ የተቋረጠው ነገሩ ቀላል ነው፤ ሌላ ሆስቲንግ ተከራይቶ ስሙን ወደዚያ ማዞር ነው።

ለማወቅ ወደ አይካን የዶሜይን መፈለጊያ ገጽ ግቡ። አይካን ማለት የዓለምን የዶሜይን ስሞች ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት ነው። ስማችሁን ጻፉና ፈልጉ፣ ነጻ ነው። አራት ነገር ተመልከቱ፦ ሬጅስትራሩ ማን ነው፣ ስሙ የተመዘገበው መቼ ነው፣ ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው፣ ስታተስ (የስሙ ሁኔታ) የሚለው ቦታ ላይ ምን ተጽፏል። የተመዘገበበት ቀን እናንተ ከምታውቁት በኋላ ከሆነ፣ ለምሳሌ ድረ ገጹ ከተሠራ ስድስት ዓመት ሆኖት እዚያ ላይ ያለፈው ወር ከተጻፈ፣ ስሙ ወድቆ ሌላ ሰው አንስቶታል።

ቀኑን ስታነቡ ተጠንቀቁ። የእኛን ዶሜይን ያጠፋው ይህ ነው። መዝገባችን ላይ አንድ ሰው «የሚያበቃው 2024» ብሎ ጽፎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. የምትለዋን ሳይጨምር። እኛ 2016 ላይ ሆነን አየነውና «ገና 8 ዓመት አለው» ተባባልን። ፈረንጆቹ ግን 2024 ላይ ነበሩ። በቃ፣ እንዲሁ አለፈ። ሰዓቱም ቢሆን የዓለም አቀፉ ነው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ እዚያ እኩለ ሌሊት ማለት እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ቀጥሎ፦ በማን ስም ነው ያለው?

ይህ ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ በላይ ያስቸግራል። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም አስመዝግቦታል። ክፋት አይደለም፣ ያኔ ሙዚየሙ ኢሜይል እንኳ አልነበረውም። አሁን ልጁ አዲስ አበባ ይኖራል፣ ወይ አገር ቀይሯል፣ ስልኩን ቀይሯል። ፈልጉት። የድሮ ደረሰኝ፣ የድሮ ውል፣ ልጁን ያመጣው ዘመድ፣ የትኛውም ክር ይጠቅማል። ስታገኙት በቁጣ አትጀምሩ። እኔ የኛን ሳገኘው «አቤት ጋሼ፣ እኔ እኮ እናንተ የምታድሱት መስሎኝ ነው» አለኝ። እኛ ደግሞ እሱ የሚያድሰው መስሎን ነበር።

ከእሱ የምትፈልጉት የሬጅስትራሩን አካውንት መግቢያና ፓስዎርድ ነው። ሰውየው ጭራሽ ካልተገኘ ለሬጅስትራሩ ጻፉ። የሙዚየሙን ፈቃድ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤና የድሮ ክፍያ ማስረጃ አያይዙ። ይዘገያል፣ ሁልጊዜም አይሳካም፣ ግን ሞክሩት።

ሦስተኛ፦ ስንት ቀን እንደቀራችሁ ቁጠሩ

ለዶት ኮምና መሰል ዶሜይኖች ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው።

ጊዜው ካለፈ በኋላ የእፎይታ ጊዜ አለ። ከ0 እስከ 45 ቀን ሊሆን ይችላል፣ የሚወስነው ሬጅስትራሩ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በተለመደው ዋጋ ይታደሳል። ዛሬውኑ ክፈሉ። «ገና ቀን አለ» ብላችሁ አታሳድሩ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ሬጅስትራሮች በዚሁ ጊዜ ውስጥ ስሙን ለጨረታ ያወጡታል።

ከዚያ ሪደምፕሽን የሚባል የ30 ቀን ጊዜ ይመጣል። ስታተሱ ላይ ይህ ቃል ከተጻፈ ስሙ አሁንም የሚመለሰው ለእናንተ ብቻ ነው፤ ግን ከእድሳቱ ሌላ የማስመለሻ ክፍያ አለው፣ ከተለመደው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስሙ ብሮሸራችሁ ላይ፣ ትኬታችሁ ላይ፣ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ ካለ ግን ክፈሉት። ሁሉንም እንደ አዲስ ማሳተም ከዚያ በላይ ያስወጣል።

ከዚያ በኋላ ፔንዲንግ ዲሊት የሚባሉ 5 ቀናት አሉ። በእነዚህ 5 ቀናት ማንም ምንም ማድረግ አይችልም፤ «እኔ አስመልስላችኋለሁ፣ ገንዘብ ላኩ» የሚል ቢመጣ ውሸቱን ነው። 5ቱ ቀን ሲያልቅ ስሙ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። እዚያ ላይ በኮምፒውተር የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ በሰከንድ ያነሱታል። ባክኦርደር የሚባለውን አገልግሎት ቀድማችሁ ካዘዛችሁ እናንተም ተሰልፋችኋል ማለት ነው፤ ዋስትና ግን የለውም።

ዶት ኢቲ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ከላይ ያልኩት የቀን ቆጠራ አይሠራበትም፤ ደብዳቤ ይዞ መጠየቅ ነው።

ክፍያው በዶላር መሆኑ ብዙ ሰው የሚያደናቅፍበት ነው። ትንሽ ሙዚየም ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የላትም። እዚሁ አገር በብር ተቀብለው የሚያድሱ ድርጅቶች ስላሉ ለቀጣዩ እነሱን አስቡ። አሁን ግን ጊዜ የለም፤ ካርድ ያለው የምታምኑት ሰው ይክፈልላችሁ፣ እናንተ ደረሰኙን ይዛችሁ በብር መልሱለት። ካርዱ የእሱ ቢሆንም አካውንቱ የሙዚየሙ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ከዓመት በኋላ እዚያው ችግር ላይ ናችሁ።

ሌላ ሰው ከወሰደውስ?

እዚህ ላይ ከድረ ገጹ በፊት ኢሜይሉን አስቡ። ይህን ማንም ስላልነገረኝ ነው አጥብቄ የምናገረው። በዶሜይናችሁ የሚሠራ ኢሜይል ከነበራችሁ አዲሱ ባለቤት ያንኑ አድራሻ ከፍቶ ወደ እናንተ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ መቀበል ይችላል። የፌስቡክ ገጻችሁ፣ የዩቲዩብ ቻናላችሁ፣ ጉግል ካርታ ላይ ያለው ቦታችሁ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱ ከሆኑ ደግሞ «ፓስዎርድ ረሳሁ» ብሎ አንድ በአንድ ሊወስዳቸው ይችላል። ስለዚህ በዚያው ሰዓት፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ፣ ሁሉንም እየገባችሁ ኢሜይሉን በሌላ ቀይሩ። የጉግል ካርታውን የድረ ገጽ አድራሻም ያኔውኑ አንሱት። ቱሪስት መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

ከዚያ ለሚያውቋችሁ ሁሉ ንገሩ፦ አስጎብኚዎች፣ ሆቴሎች፣ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አጥኚዎች። «የቀድሞው አድራሻ የእኛ አይደለም» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። አታፍሩ። እኛ ሁለት ቀን አፍረን ዝም አልን፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት ስንት ሰው ያን ገጽ እንደከፈተ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

ስሙን ማስመለስ ይቻላል ወይ? ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ክርክር የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፣ ዩዲአርፒ ይባላል። ሦስት ነገር ማሳየት አለባችሁ፦ ስሙ እናንተ መብት ካላችሁበት የንግድ ምልክት ጋር አንድ ወይም ተመሳሳይ መሆኑን፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ ተገቢ ጥቅም እንደሌለው፣ ስሙንም የወሰደውና የሚጠቀምበት በክፉ ልቦና መሆኑን። በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ከ1 እስከ 5 ለሚሆኑ ስሞች፣ በአንድ ዳኛ ሲታይ፣ ክፍያው 1500 ዶላር ነው። ለትልቅ ተቋም ያዋጣ ይሆናል። ለትንሽ ሙዚየም ግን የእኔ ምክር አትግቡበት ነው። በዚያ ገንዘብ ስንት የእጅ ጽሑፍ ይጠገናል! ከወሰደው ሰው ጋር ዋጋ መደራደርም አልወድም፤ ፍላጎታችሁን ካየ ዋጋውን ይሰቅለዋል።

እኛ አዲስ ስም ወሰድን። በዶት ሙዚየም የሚያልቁ አድራሻዎችም አሉ፣ ለሙዚየሞች ተብለው የተፈጠሩ ናቸው። ሰው በቃሉ የሚይዘውና ስልክ ላይ ለመጻፍ የማያስቸግር አጭር ስም ይሻላል። ሐረርን በላቲን ፊደል በአንድ መንገድ ብቻ ጻፉ፤ ብሮሸሩ ላይ በአንድ አር፣ ሰሌዳው ላይ በሁለት አር እንዳይሆን።

የድሮውን ጽሑፍና ፎቶ ከየት ታመጣላችሁ?

ኮፒ ካላስቀመጣችሁ ኢንተርኔት አርካይቭ ግቡ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለምን ድረ ገጾች እየቀዳ የሚያስቀምጥ ቤተ መዛግብት ነው። ዌይባክ ማሽን የሚለው ላይ የድሮ አድራሻችሁን ጻፉ፣ የተቀዳበት ቀን በካላንደር ይመጣላችኋል። ሁሉም ገጽ አይገኝም፣ ትልልቅ ፎቶዎች ይጎድላሉ። እኛ ግን ስለ ሳንቲሞቹ የተጻፈውን ረጅም ገለጻ በሙሉ አገኘነው። የጻፉት ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያን ገጽ ሳየው እንባዬ መጣ።

አዲሱን ስም እንዴት ትጠብቁታላችሁ?

ሲመዘገብ ድርጅት የሚለው ቦታ ላይ የሙዚየሙን ሙሉ ስም አስገቡ። የአካውንቱ ኢሜይል በራሱ በዶሜይኑ የሚሠራ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲቆም ኢሜይሉም ይቆማል፣ ማስጠንቀቂያውን ማን ያነበዋል? ሬጅስትራሮች ከማለቁ አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካለፈ በኋላም በ5 ቀን ውስጥ፣ ማሳሰቢያ እንዲልኩ ግዴታ አለባቸው። የኛም ተልኮልን ነበር፣ ሥራ የለቀቀች ልጅ ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ አገኘነው።

ከቻላችሁ የብዙ ዓመት በአንዴ ክፈሉ፣ በራሱ የሚታደስበትንም አብሩት። ሁለት ሰው መግቢያውን ይወቅ። በኢሜይል የሚመጣ «ዶሜይናችሁ ሊያልቅ ነው፣ እዚህ ክፈሉ» የሚል ሁሉ እውነት አይደለም፤ ሊንኩን ሳትነኩ ራሳችሁ ወደ ሬጅስትራሩ ገብታችሁ እዩ።

ዶሜይኑን የንብረት መዝገብ ውስጥ አስገቡት፣ እንደ ቁልፍና እንደ ማኅተም። ሠራተኛ ሲለቅ ርክክብ ይደረግበት፣ ይፈረምበት። የሚያበቃበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ «ጃንዋሪ 15፣ 2025 እ.ኤ.አ.፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.» ተብሎ እንደሚጻፈው።

የቀሩት ብሮሸሮች እንዳይጣሉ አዲሱን አድራሻ በትንንሽ ተለጣፊ ወረቀት አሳትማችሁ በድሮው ላይ ለጥፉበት። እኛ ከሆቴሎቹ ሰብስበን፣ ለጥፈን፣ በዚያው ሳምንት መልሰን አደልን።